ነጯን ግመል የጠየቀው ሌባ

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ፉፋ የሚባል የቦዳቦዳ፣ የሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ነጂ ከዳበል ወደ ሞያሌ ሲመለስ፣ በደረቁ ወንዝ ዳር ካለ ግራር ሥር አንድ ሽማግሌ በገዛ ጥምጥማቸው ከግንዱ ጋር ታስረው አገኘ። ሽማግሌው አልቆሰሉም፤ የተደናገጡም አይመስሉም ነበር። ፉፋ ሞተሩን አጥፍቶ ሲጠጋቸው መጀመሪያ ያሉት፣ «ልጄ፣ ቋጠሮውን ፍታው እንጂ እንዳትቆርጠው፤ ጨርቁ አዲስ ነው» የሚል ነበር። አስር የወተት ግመሎች ከእጃቸው መዘረፋቸውን የነገሩት ከተፈቱና ውሃ ከጠጡ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ኦቦ ዳዶ ይባላሉ። በኦዳ አካባቢ ግመል መንዳት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው የእሳቸው ስም ነው። ግመሎቹ ግን የእሳቸው አልነበሩም። የኦዳና የማንያታ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው፣ ሁለት ዓመት ለፍተው ያፈሯቸው ናቸው። ሴቶቹ ከእንግዲህ የራሳቸውን ወተት በራሳቸው ሱቅ ሊሸጡ ነበር። ሱቁ ተቀብቶ፣ ሳፋው ታጥቦ የቀረው የግመሎቹ መምጣት ብቻ ነበር።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ካልቶማ ተሰጠ። ካልቶማ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። አባቷ ከኢትዮጵያ በስደት የመጡ የጭነት መኪና ሾፌር፣ እናቷ የኬንያ ልጅ ናቸው። የጣቢያው ባልደረቦቿ «በአማርኛ ትቆጣለች፣ በኦሮምኛ ታባብላለች፣ በስዋሂሊ ታስራለች» እያሉ ይቀልዱባታል። በዚያ ማክሰኞ ማታ ያሰረችው ግን ሊታሰር ይገባዋል ብላ ያላመነችበትን ሰው ነበር።

የጣቢያው አዛዥ ሁቃ ነገሩን ከወንበሩ ሳይነሳ ጨርሶታል። ከማኅበሩ ወገን ግመሎቹ የሚመጡበትን ቀንና መንገድ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሀቢባ፣ ጸሐፊው ነቢልና ዳዶ። መንገዱም ሌባን ለመሸሽ ሲባል የተለወጠ ነው። በዚያ ላይ ዘራፊዎቹ ሽማግሌውን በጥላ ሥር አስረው፣ የውሃ ኮዳቸውን ከአጠገባቸው ትተው ሄደዋል። «ለዘመዱ ካልሆነ ሌባ ውሃ ትቶ ይሄዳል?» አለ ሁቃ። ዳዶ እንዲታሰሩ፣ አርብ ከሰዓትም ወደ ማርሳቢት ፍርድ ቤት እንዲላኩ አዘዘ።

ችግሩ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ የዳዶ የመጨረሻ ልጅ ዐፋፍ ልትዳር ነው። ካልቶማ ሽማግሌውን ከቤታቸው ስትወስድ ሙሽራይቱ በር ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። የካልቶማን ፊት ብቻ ነበር የምታየው። ካልቶማ እስከ ጣቢያው ድረስ ያ አስተያየት ከጀርባዋ አልወረደም።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ከዳዶ ጋር ተቀመጠች። ሽማግሌው የእስር ቤቱን ሻይ ስኳሩ በዛ ብለው ከነቀፉ በኋላ የሆነውን አንድ በአንድ ተረኩላት። ዘራፊዎቹ አራት ነበሩ፤ ፊታቸውን ሸፍነዋል። ሦስቱ ግመሎቹን ሲከቡ አራተኛው ስልኩን አውጥቶ አንዴ ወደ ስልኩ፣ አንዴ ወደ ግመሎቹ እያየ መቁጠር ጀመረ።

«ሁለት ጊዜ ቆጠረ» አሉ ዳዶ። «ከዚያ ስልኩን በጣቱ ለጠጥ ለጠጥ አደረገና፣ ‹አስራ አንድ ነው የሚለው፤ አንዷ ነጭ። ነጯ የት አለች?› ብሎ ጠየቀኝ።»

ካልቶማ እስክሪብቶዋን አቆመች። «ነጭ ነበረች እንዴ?»

«ነበረች። ማክሰኞ ጠዋት እሾህ ወግቷት አነከሰች። መንገዱን አትችለውም ብዬ ዳበል ዘመድ ጋ ተውኳት።»

«መቅረቷን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔና እሾሁ» አሉ ዳዶ።

ካልቶማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወጣች። ዳዶ ከሌቦቹ ጋር ቢሆኑ ኖሮ ነጯ መቅረቷን ይነግሯቸው ነበር። ሌባው ግመሎቹን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የሚያውቀው። ወረቀቱ ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ሀላቄ ሰኞ ጠዋት የጻፈው የማዘዋወሪያ ፈቃድ ነው። የግመሎቹ ቁጥር፣ መልክና ምልክት፣ ቀኑና የሚያልፉበት መንገድ ሁሉ እሱ ላይ ሰፍሯል።

ይህን ለሁቃ ስትነግረው የሽማግሌ ወሬ ነው አላት። አርብ ግን ሩቅ ስለሆነ እስከዚያ እንደ ልቧ እንድትሠራ ፈቀደላት።

ከቢሮው ስትወጣ የወተት ጅምላ ነጋዴው ሙሐረም ለዳዶ ዳቦና ሻይ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሙሐረም በሞያሌ የማያውቃቸው የለም፤ ጢማቸው የተከረከመ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ለሁሉም ሰው ደግ ቃል ያላቸው ሰው ናቸው። ሽማግሌው ለልጃቸው ሰርግ እንዲደርሱ እንድታስብበት ለመኗት። ግመሎቹን ለመፈለግ መኪና ካስፈለገ የእሳቸው ፒክአፕ መኖሩንም ነገሯት። ሰኞም ማክሰኞም ከድንበሩ ወዲያ፣ በኢትዮጵያ በኩል ሥራ ላይ ስለነበሩ ወሬውን ዘግይተው መስማታቸው እንዳሳዘናቸው ጨመሩ። ካልቶማ አመስግና ሸኘቻቸው።

* * *

ወረቀቱ የት የት እንደነበረ መቁጠር ከባድ አልሆነም። ዋናው አንድ ጊዜ ለቅጂ ካልሆነ በቀር ከዳዶ ኪስ አልወጣም። ቀሪው በሀላቄ ደብተር ውስጥ ነው፤ ሀላቄ ደግሞ ሰኞ እኩለ ቀን ደብተሩን በቦርሳው ይዞ ወደ ገጠር ክትባት ወጥቶ የተመለሰው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ አብረውት የሄዱ ሁለት ሰዎች መስክረውለታል። ሦስተኛው ቅጂ ያለው በማኅበሩ ቢሮ ነበር። ዳዶ ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዘው ሲያልፉ ነቢል በፎቶ ኮፒ ማሽኑ ስካን አድርጎ አስቀርቶታል።

ነቢል ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ካልቶማ ስትገባ የኮምፒውተሩን ገጽ ቶሎ ዘጋው። ጥያቄዋን ሲመልስ ዓይኑ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለጠ ያስቸግረው ነበር። ይህን አይታ ሚሊዮንን አስጠራችው።

ሚሊዮን የማንያታ ጎረቤቷ ነው። በአስራ አምስት ዓመቱ በስደት መጥቶ፣ ስልክ ከመጠገን ተነስቶ የከተማውን ግማሽ ኔትወርክ የዘረጋው እሱ ነው። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ከመጀመሩ በፊት ቢሮው ውስጥ ወደ ነበረችው ሀቢባ ዞሮ ፈቃድ ጠየቀ፤ የሰው ኔትወርክ ሳይፈቀድለት አይነካም። ሀቢባ ጣሪያውንም ቢሆን ንቀለው አለችው።

«ነገሩ እንዲህ ነው፣ ካልቱ» አለ ሚሊዮን። «እዚህ ኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ ቁጥር ያላቸው በሮች አሉት። ፋይል የሚያቀብል ሰርቨር በተለምዶ የሚከፍተው ሃያ አንደኛውን በር ነው። የእኔ ሥራ እያንዳንዱን ዕቃ ሄጄ ሃያ አንደኛውን በር ማንኳኳት ነው። ሰርቨር ካለ ‹እንኳን ደህና መጣህ› ብሎ ይመልሳል። ጨዋ ናቸው፤ ሰላምታ አያስቀሩም።»

ከአንድ ደቂቃ በኋላ አንድ ሰላምታ መጣ። የመጣው ከነቢል ኮምፒውተር ነበር።

ሀቢባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነቢል እንደ ኖራ ነጣ። ካልቶማ ሀቢባንና ሚሊዮንን ወደ ውጭ አስወጥታ በሩን ዘጋችና ማን ምን እንደሚወስድ እንዲነግራት ጠየቀችው። ነቢል ብዙም ሳይቆይ ተናዘዘ። ሰርቨሩን የከፈተው ለተከታታይ ድራማ ነበር። ድራማዎቹን እያወረደ ያስቀምጣል፣ የአጎራባቹ ልብስ ሰፊዎች በቢሮው ዋይፋይ ይወስዳሉ። ሁለቱ ተመልሰው ሚሊዮን የመግቢያ መዝገቡን ሲከፍተው እውነት ነበር፤ ከድራማ በቀር የወጣ ነገር የለም፣ ፈቃዱም እዚያ ኮምፒውተር ላይ ጨርሶ አልነበረም።

«በብዛት የወሰደው ደግሞ» አለ ሚሊዮን መዝገቡን እያነበበ፣ «‹የሀቢባ› የሚል ስም ያለው ስልክ ነው።»

ሀቢባ ይህን ስትሰማ መሐረቧን አስተካክላ፣ ሰባተኛው ክፍል ላይ ስለደረሰች ሰርቨሩ እስከ መጨረሻው ባይዘጋ ጥሩ እንደሆነ በጨዋ ቃል ተናገረች።

* * *

ካልቶማ ተስፋዋ ቢላላም አልተነሳችም። ከሰማችው ውስጥ አንድ ነገር አላስቀምጥ ብሏታል። ፈቃዱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ የት ነው ያለው? ነቢልን ጠየቀችው። እሱም ማሽኑ ስካን ያደረገውን ሁሉ በራሱ ሆድ እንደሚያስቀምጥ፣ ሲፈለግ ከዚያው እንደሚያትመው ነገራት።

«ማሽኑ ኔትወርክ ላይ ነው?» አለችው ሚሊዮንን።

«ነው። ሃያ አንደኛውን በሩን አንኳኩቻለሁ፤ ዝግ ነው።»

«በሩን ሌላ ቦታ ቢያወጡትስ?»

ሚሊዮን ራሱን አከከ። ይቻላል አለ፤ ሰው አያየኝም የሚል እንደዚያ ያደርጋል፤ ግን ከስልሳ ሺህ በላይ በሮች ስላሉ ሁሉንም ለማንኳኳት ጊዜ ይፈልጋል። ሻይ አዘዙ። ሁለተኛው ብርጭቆ ሳያልቅ ላፕቶፑ ድምፅ ሰጠ። ከማሽኑ፣ ከሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃያ አንደኛው በር፣ ሰላምታ መጥቷል። የይለፍ ቃልም አልጠየቀም። ስሜ ማንም ነው ላለው ሁሉ ያስገባል። ውስጡ የማኅበርተኞቹ መታወቂያ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ሁሉ ተደርድሯል። የሰኞው ፈቃድም አለ።

ከፈቃዱ አጠገብ መዝገቡ እንዲህ ይላል፤ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ አንድ ጊዜ ተወስዷል።

ካልቶማ ሀቢባን ወደ ጎን ወስዳ ማሽኑን ማን እንዳመጣው ጠየቀቻት። ሀቢባ የሰጠቻትን ስም ደብተሯ ላይ ጻፈችና ገጹን አጠፈችው። ስሙ ምንም አልረዳትም፤ ሰውየው ሰኞ ከተማ ውስጥ አልነበረም። ያም ከሐሰት ምስክር የሚገኝ ነገር ሳይሆን የድንበር ኬላው ማኅተም የሚያረጋግጠው ነበር።

ሚሊዮን ራውተሩን መርምሮ ሌላ ነገር ጨመረ። ፈቃዱን የወሰደው ዕቃ የገባው በቢሮው ዋይፋይ አይደለም። ጣሪያው ላይ፣ ለኦዳው የወተት ማከማቻ ኢንተርኔት እንዲያደርስ በተተከለው አንቴና በኩል ነው የገባው።

* * *

ሐሙስ በማለዳ ካልቶማና ሚሊዮን ኦዳ ሄዱ። ማከማቻው ተቆልፏል። ቁልፉ ዝጎ በዘይት ነው የተከፈተው። ውስጡ ባዶ ነው፤ መብራትም ገና አልገባለትም። እዚያ ተቀምጦ ፋይል የሚወስድ ሰው ቢኖር ከጉንዳኖቹ አንዱ መሆን ነበረበት። አርብ ነገ ነው።

ቢሮው ሲደርሱ ሚሊዮን መሰላል ተውሶ ጣሪያ ላይ ወጣ። ከዚያ ካልቶማን ጠራት፤ እሷም ቦት ጫማዋን አውልቃ ወጣች።

«ይህን የተከልኩት እኔ ነኝ» አለ ሚሊዮን በአንቴናው ላይ እጁን ጭኖ። «ፊቱ ወደ ኦዳ ነበር። አሁን ጀርባውን ለኦዳ ሰጥቷል። ነፋስ አይደለም፤ ብሎኑ ተፈትቶ እንደገና ጠብቋል።»

ካልቶማ ከአንቴናው ኋላ ቆማ በሚያይበት አቅጣጫ አየች። ቁልቁለቱ፣ ኬላው፣ ከኬላው ወዲያ የኢትዮጵያዋ ሞያሌ ቆርቆሮዎች። ከቆርቆሮዎቹ በላይ ደግሞ ባለ ሁለት ፎቅ ሆቴል፣ የሆቴሉም ሰገነት ልክ ፊት ለፊት። ሳቋ መጣ፤ ጣሪያው ላይ ቁጢጥ ብላ ሳቀች። ከዚያ ያጠፈችውን ገጽ ገለጠችው።

ወጥመዱን ለማዘጋጀት አንድ ሰዓት በቃቸው። ሀላቄ አዲስ ፈቃድ ጻፈ፤ ስምንት ግመሎች፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ፣ በሌላ ደረቅ ወንዝ በኩል። ነቢል ወረቀቱን እንደ ወትሮው ማሽኑ ውስጥ አስገባው። ሚሊዮን መዝገቡን እያየ ቢሮ ቀረ። ሁቃ ዓይኑን አሽቶ ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ ስድስት ፖሊሶች ለወንዙ ሰጣት። ካልቶማ የደንብ ልብሷን በጥቁር ድሪያ ቀሚስ ለውጣ፣ መታወቂያዋን አሳይታ ኬላውን ተሻገረች። በዚያ በኩል ማንንም የማሰር ሥልጣን እንደሌላት ታውቃለች። የሄደችው ለማየት ነበር።

ሰገነቱ ላይ ሦስት ጠረጴዛዎች ብቻ ሰው ነበረባቸው። በዳርኛው፣ በኬንያ በኩል ባለው፣ ታብሌታቸውን ከስኒው አጠገብ ያስደገፉ ሰው ተቀምጠዋል። ጢማቸው የተከረከመ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነው።

«ካልቶማ» አሉ ሙሐረም በደስታ። «ምን እግር ጣለሽ? ነይ፣ ተቀመጪ።»

ለሰርግ የሚሆን ጨርቅ ልትገዛ መምጣቷን ነግራቸው ተቀመጠች። ስለ ዳዶ ጤና ጠየቋት፤ ደህና መሆናቸውን ነገረቻቸው። ስለ ዝናቡ አወሩ። ታብሌቱ ትንሽ ድምፅ ሲያሰማ ሙሐረም ይቅርታ ጠይቀው ጣታቸውን ሁለት ጊዜ አስነኩት። በዚያው ቅጽበት ከካልቶማ ጉያ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። የሚሊዮን መልእክት ሁለት ቃል ነበር፤ «አሁን ወሰደ።»

ካልቶማ ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች። ከዚያ አመስግናቸው ተነሳች፤ ለወጉም ያህል ወርዳ በእርግጥም አራት ሜትር ጨርቅ ገዛች።

* * *

አስር ሰዓት ላይ ዘራፊዎቹ ስምንት ግመል ሲጠብቁ ስድስት ፖሊስ አገኙ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ስልኩ ላይ ያለችው ፈቃድ ከእጁ ሳትወርድ ነው የተያዘው። አራቱም የሙሐረም ፒክአፕ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። ለዳዶ ውሃ የተዉላቸው በደግነት እንጂ በዝምድና አልነበረም፤ ሽማግሌ በውሃ ጥም እንዲሞት ማንም አላዘዛቸውም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሙሐረም እንደ ልማዳቸው በኬላው ተመለሱ። ፓስፖርታቸው ላይ ማኅተሙ ካረፈና የኬንያን መሬት ከረገጡ በኋላ ካልቶማ የደንብ ልብሷን ለብሳ ቀረበቻቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ገጾቹን ገልጠው አሳዩአት።

«ሰኞ ኢትዮጵያ ነበርኩ። ማኅተሙን እዪው።»

«አይቼዋለሁ» አለች ካልቶማ። «እርስዎ በማኅተም ነው የተሻገሩት። ወረቀቱ ግን ያለ ማኅተም ተከትሎዎታል።»

ሙሐረም ከሩቅ ወደሚታየው የማኅበሩ ቢሮ ጣሪያ፣ ወደ አንቴናው ቀና ብለው አዩ፤ ሚሊዮን ከአጠገቡ ሆኖ እጁን አወዛወዘላቸው። ታብሌቱን ራሳቸው አቀበሏት። የሰኞው ፈቃድም የሐሙሱም እዚያው ነበሩ።

ነገሩን በዚያው ምሽት ሳይደብቁ ተናገሩ። የሞያሌ የግመል ወተት ለዓመታት በእሳቸው እጅ ብቻ ነበር የሚያልፈው። ሴቶቹ ማኅበር ሲያቋቁሙ በምረቃው ቀን ያገለገለ ፎቶ ኮፒ ማሽን በስጦታ አምጥተው፣ ውስጡን አስቀድመው አዘጋጅተውለት ነበር። አንቴናውን ያዞረላቸው ጣሪያውን ሊቀባ የተላከ የእሳቸው ሠራተኛ ነው። ማኅበሩ ግመል ካጣ ይበተናል፣ ሴቶቹም ወተታቸውን እንደ ድሮው ወደ እሳቸው ይዘው ይመጣሉ ብለው አስበዋል። አስሩ ግመሎች ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አጥራቸው ውስጥ በደህና ተገኙ። ሴቶቹ በዚያው ሐሙስ ማታ እየዘፈኑ ነድተው ወሰዷቸው።

አርብ ጠዋት ሁቃ ራሱ የእስር ቤቱን በር ከፈተ። ዳዶ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ በትራቸውን ተቀብለው፣ ሲጨርሱ ከፊቱ ቆሙ። ሁቃ ባርኔጣውን አወለቀ። «አባቴ፣ አጥፍቻለሁ» አላቸው በኦሮምኛ። ሽማግሌው ይቅር ለማለት አንድ ቅድመ ሁኔታ እንዳላቸው ነገሩት፤ ሁቃም ሳይሰማው እሺ አለ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዐፋፍ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ጭፈራው ሲደምቅ የፖሊስ መኪና አቧራ እያስነሳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከበሮው ተቋረጠ። ስምንት ፖሊሶች ተራ በተራ ወረዱ። የሙሽራይቱ እናት በሩን በሰፊ አካላቸው ዘግተው፣ ዛሬ ከዚህ ቤት የሚወሰድ ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ካልቶማ ከሁሉም ኋላ፣ አራት ሜትር ጨርቋን በስጦታ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ዐፋፍ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየቻት፤ በዚህ ጊዜ ፈገግ አለች።

ሁቃ የዳዶን ቅድመ ሁኔታ ሊፈጽም ከነፖሊሶቹ ለሰርጉ መጥቶ፣ ባርኔጣውን በብብቱ ይዞ፣ በሁለት እጁ አንድ ከረጢት ስኳር አቅፎ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ በሩ ላይ ቆሟል።

«እናቴ» አለ፣ «ወንዶቹ በየት በኩል ነው የሚቀመጡት?»